ሳይከፈት ይለፍ

ፓርኑ፣ የኢስቶኒያ ዳርቻ፣ ጥር፣ ባሕሩ ጠንክሮ እንደ ድንጋይ፣
ሄልዱር ተንበርክኳል ከቴሌቪዥኑ ጀርባ፣ ከአቧራው ላይ።
አርባ ዓመት ፖስታ ያመላለሰ ጉልበት
ዛሬ ለአንዲት የኬብል ቀዳዳ ተንቋቋበት።

አምስት ስፒከር፣ ስድስተኛው ወፍራሙ
ከሶፋው ጥግ የተቀመጠ፣ ማጉረምረም ነው ሥራውም ስሙ።
ሁለቱ ከኋላ፣ የመጽሐፍ መደርደሪያውን ጫፍና ጫፍ ይዘው፣
ከተሰቀሉ ጀምሮ ትንፍሽ አላሉም፣ እንደ ባዕድ ታዝበው።
ፊልሙ ስድስት አፍ እንዳለው ተጽፏል በማሸጊያው፤
ሳሎኑ የሚሰማው ግን ሁለት ነው፣ ከፊት ለፊት፣ ግራና ቀኝ፣ እንዲያው።

ማጉያው የእንዴል ነበር፣ የታላቅ ወንድሙ፣
ሲኒማ ቤት ፊልም ሲያጫውት ያለቀ ዕድሜው ከነአቅሙ።
በመስከረም ሞተና ለሄልዱር የደረሰው ይህ ነው፦
ጥቁር ሣጥን፣ ከባድ፣ ግንባሩ ላይ ትንሽ መስኮት ያለው፤
በመስኮቱም አንዲት ቃል፣ በሰማያዊ ፊደል፦
«ስቴሪዮ»። ሁልጊዜ «ስቴሪዮ»። እንደማይለወጥ ደወል።

ኬርቱ ከላይኛው ፎቅ ወረደች፣ የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ፣
ግራና ቀኝ ካልሲዋ የማይገናኝ፤ ትምህርት ቤቱን ብርድ ዘግቶታል፣ በረዶ ነው ደጅ።
ስክሪኑን አየች፣ ተነፈሰች። «ኮምፒውተርህ ፖስታውን ይከፍታል» አለችው፤
«የታሸገውን ቀዶ ያነባል፣ ስድስቱን ሁለት አድርጎ ነው የሚያቀብለው።
ማጉያህ እኮ ማንበብ ያውቃል፣ ፊደሉን የተማረው እሱ ነው።
እንደታሸገ ይድረሰው። ኮምፒውተሩ ይሸከም እንጂ አይየው።»

የሄልዱር እጅ ኬብሉ ላይ ቀረ።
ምንም አልተናገረ።

የድምፅ መውጫ፦ የቴሌቪዥኑ አይደለም፤ ማጉያው የተሰካበት።
«ሳይከፈት ይለፍ» የሚል ባዶ ሣጥን አለ፣ ምልክት አድርግበት፤
ግን ሁሉንም አትምረጥ፣ ማጉያው የሚያውቃቸውን ብቻ፣
ያልተማረውን ብትልክለት አሸዋ ነው የሚረጭ፣ የጆሮ መበጥበጫ።
መስመሩን ለማንም አታጋራ፣ ለፊልሙ ለብቻው ያዝ፤
ደወል፣ መልእክት፣ ጢጥ የሚል ሁሉ ዛሬ ማታ ዝም ይበል፣ ይታዘዝ።

አርባ ዓመት። በዝናብ፣ በጭቃ፣ ውሻ እየነከሰው፣
የታሸገ ቃል ከደጅ ደጅ ያደረሰው፦
የፍርድ ቤት መጥሪያ፣ የሠርግ ጥሪ፣ የጡረታ ብር፤
አንድም አልከፈተም። ከአንዱ በቀር።

በሻይ ማንቆርቆሪያ እንፋሎት፣ በቢላ ጫፍ፣ በሌሊት፣
ለእንዴል የተላከ፣ ከታሊን፣ የሴት እጅ ጽሕፈት።
አነበበው። አጣበቀው። በማግሥቱ ወስዶ ሰጠው።
እንዴል ፖስታውን ገለበጠ፣ የሙጫውን ጠርዝ በአውራ ጣቱ ዳበሰው፤
ቀና ብሎ አየው፣
አመሰገነው።
ከዚያ ወዲህ ሠላሳ ዓመት፣ ሲገናኙ ስለ ዓሣ፣ ስለ አየሩ ያወሩ ነበር፤
ከፊት ለፊት፣ ግራና ቀኝ። ከኋላ ምንም ሳይነገር።

«አሁን ድምፁን ጨምር» አለች ኬርቱ። በኮምፒውተሩ ጨመረ፣
እስከ ጫፍ። ምንም። «ተበላሸ» አለና ተማረረ።
«አይ፣ ምልክቱ ይሄ ነው! በተሸካሚው ላይ ሥልጣን የለህም፤
መጨመር መቀነሱ በማጉያው ነው፣ ይሄኛው ካሁን በኋላ ምንም አይነካም።»

ማጉያው ቀጭ አለ። አንዴ። እንደ ቁልፍ፣ እንደ ጉሮሮ።
መስኮቱ ጨለመና ሌላ ፊደል አወጣ፣ ስድስት አፍ ቆጥሮ።

ፊልሙ ላይ ዝናብ ነበር፣ ሰው የሌለበት መንገድ፣ የቆርቆሮ ጣራ፤
ዝናቡ ከፊት ተነሣ፣ ሶፋውን ዞረ፣ ደረሰ የዝምተኞቹ ተራ፤
መደርደሪያው ዘነበ። ወፍራሙ ከጥጉ ነጎድጓዱን አላመጠ።
ከዚያ ከኋላው የሰው ኮቴ፣ በርጥብ ጠጠር ላይ፣ ቀስ እያለ መጣ።
ሄልዱር ዞረ። ግድግዳ ነው።
«ግባ» አለ፣ ሳያስበው።

ኬርቱ ሳቀች፤ ወዲያው ደግሞ ግንባሯን ቋጠረች፦ «የኋላው ተዛውሯል፣
ግራውን ቀኝ ሰክተኸዋል፣ ቆይ ላስተካክለው።» «ተዪው» አላት፣ «በዚህም በኩል ይመጣል።»